ጎንግና የድንጋይ ደወል፦ ዝምድና አላቸው?

የዘጌ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግኩት ዘጌ ነው፣ ጣና ዳር። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሦስት ረጃጅም ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ደወላችን እነሱ ናቸው። አጎቴ ለብዙ ዓመት ደዋይ ነበር። ሌሊት ተነስቶ በትንሽ ክብ ድንጋይ ሲመታቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ድምፁ ቁርጥ ብረት ነው። ልጅ ሆኜ ድንጋይ መሆኑን ያመንኩት ጠጋ ብዬ በእጄ ከዳሰስኩት በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጤዛ ይዞት በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

አሁን የምኖረው ሆላንድ ነው። ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጋሜላን ሙዚቃ ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች። አያቶቿ ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት ከጃቫ የመጡ ናቸው፣ ጋሜላን የዚያ አገር ሙዚቃ ነው፣ በአብዛኛው በነሐስ መሣሪያ የሚመታ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ብዙ የነሐስ ዕቃ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ከሁሉም ጀርባ የእንጨት መስቀያ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ነሐስ ተንጠልጥሏል። መሃሉ እንደ ጋሻ እምብርት አበጥ ያለ ነው። ሰውየው አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌሎቹ ይጫወታሉ፣ እሱ ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስሱ፣ እምብርቱን ይመታዋል። ድምፁን በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ የሰማሁት ነው የመሰለኝ። ወዲያው አጎቴ ትዝ አለኝ።

ጎንግ ይሉታል። አማርኛውን ስፈልግ መዝገበ ቃላቱ «ደወል» ብሎ ያልፋል። እውነት ደወል ነው? ከአጎቴ ድንጋይ ጋርስ ይዛመዳል? ደግሞስ ስንት ዓይነት አለ? የምታውቁ ንገሩኝ።

መምህር ዘፊዚክስ

የዘጌ ልጅ፣ ቆንጆ ጥያቄ ነው። መልሱን በጣትህ ልታገኘው ትችላለህ።

የብረት ደወል፣ የተደፋ ሲኒ የሚመስለው ማለቴ ነው፣ ሲመታ በደንብ የሚርገበገበው ከንፈሩ ነው። አናቱ፣ የተንጠለጠለበት ቦታ፣ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ከንፈሩን በጣትህ ነካ ብታደርገው ድምፁ እዚያው ይሞታል። ጎንግ ደግሞ ግልባጩ ነው። የሚርገበገበው መሃሉ ነው። ዳሩ ወደ ኋላ ስለታጠፈ ይጠነክራል፣ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ዳሩን በስቶ በገመድ ማንጠልጠል የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ቤታቸው እንዲሞክሩት አደርጋለሁ። ዳሩ ቀና ያለ አሮጌ የቡና ትሪ ውሰዱ። ዳሩ ላይ ሁለት ቦታ ብሱና በሲባጎ አንጠልጥሉት። የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥሙና መሃሉን ምቱት። ዳሩን ስትነኩ ድምፁ ይቀጥላል። መሃሉን ስትነኩ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ አምጡና አፉን በማንኪያ መታ አድርጉ። እዚህ ደግሞ ጸጥ የሚለው አፉን ስትነኩት ነው። ትሪው የጎንግ ዘመድ ነው፣ ብርጭቆው የደወል።

ያንተ ድንጋይ ሦስተኛ ነገር ነው። ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ እንደ ዘንግ ነው የሚርገበገበው። መሃሉ ሲወርድ ሁለቱ ጫፎች ይነሳሉ፣ መሃሉ ሲነሳ ጫፎቹ ይወርዳሉ። በመካከል ሁለት ቦታ ግን ዝም ብለው ይቆማሉ። ድንጋዩ ወጥ ውፍረት ካለው እነዚህ ቦታዎች ከየጫፉ ከርዝመቱ 22 ከመቶ ያህል ገባ ብለው ይገኛሉ። ገመዱ እዚያ ላይ ከታሰረ ድንጋዩ እንደልቡ ይጮሃል። ሌላ ቦታ ከታሰረ ገመዱ ራሱ ድምፁን ይበላዋል።

አጎትህ ገመዱን የት ነበር የሚያስሩት?

የዘጌ ልጅ

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ጫፉ ላይ እንዳልነበረ አስታውሳለሁ፣ ገባ ያለ ነው። ልኩን ግን አላውቅም። የአጎቴ ልጅ አሁንም እዚያው ነው ያለው። እንዲለካልኝ እጠይቀዋለሁ።

ትዝታ ሮተርዳም

የዘጌ ልጅ፣ ጽሑፍህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔም እዚሁ ሆላንድ ነኝ። ሰባት ዓመት ሆኖኛል ጋሜላን ስጫወት። ሆላንድ ኢንዶኔዥያን ለረጅም ጊዜ ስለገዛች እዚህ አገር የጃቫም የባሊም ጋሜላን በተለያዩ ከተሞች አለ።

ያየኸው ትልቁ «ጎንግ አገንግ» ይባላል። ትልቅ ጎንግ ማለት ነው። አንዳንዱ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ሆድህ ውስጥ የተሰማህ እውነትህን ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ አካባቢ ነው የሚርገበገበው። ይህ የሰው ጆሮ በደንብ ከሚሰማው በታችኛው ዳር ላይ ነው። ጥሩ ጎንግ ደግሞ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዋው፣ ዋው፣ ዋው እያለ ይተነፍሳል። ጃቫዎች «ኦምባክ» ይሉታል፣ ሞገድ ማለት ነው። ጎንግ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያዳምጡት ይህንን ነው። ሞገዱ በጣም ከፈጠነ አይወዱትም፣ ከሌለም አይወዱትም።

ሰውየው የሚጠብቀው ለምን መሰለህ? የጋሜላን ዜማ ዙር ዙር ነው የሚሄደው። ዙሩ 8 ምት ሊሆን ይችላል፣ 16 ወይም 32 ወይም ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። ትልቁ ጎንግ የሚመታው ዙሩ ሲዘጋ ነው። በመሃል ሌሎቹ ጎንጎች ዙሩን ይከፋፍሉታል። «ከኖንግ» የተባለው ድስት የሚመስል ጎንግ እንጨት ላይ አግድም ተቀምጦ ትልልቆቹን ክፍሎች ያመለክታል። «ከምፑል» ትናንሽ ተንጠልጣይ ጎንጎች ናቸው፣ በነዚያ መካከል ይገባሉ። «ከቱክ» አጭር፣ የታፈነ ድምፅ አለው፣ ቱክ ብሎ ያቆማል። «ቦናንግ» ደግሞ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ ጎንጎች ናቸው፣ ዜማ የሚጫወቱ። ስለዚህ አንድ ጋሜላን ውስጥ ብቻ ስንት ዓይነት ጎንግ እንዳለ እየው።

ለእኔ መጀመሪያ የከበደኝ ሌላ ነው። የምቱ ክብደት የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው። እኛ «አንድ!» ብለን የምንጀምርበትን ቦታ እነሱ ባዶ ይተዉታል። ሁሉም ነገር ወደ ጎንጉ እየሄደ ነው። ወደ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል ሰውነቴ እስኪቀበለው።

ጎንጉን ከመምታታችን በፊት ደግሞ በመምቻው በጣም በስሱ፣ ሰው በማይሰማው መጠን፣ ነካ ነካ እናደርገዋለን። ትልቅ ብረት ነው፣ ቆሞ ከነበረበት በአንዴ አይነሳም። ቀድሞ መንቀሳቀስ ከጀመረ ግን ዋናው ምት ሲመጣ ወፍራም ሆኖ ይወጣል።

መሣሪያ ላይ ተረማምዶ ማለፍ ነውር ነው። ትልቁ ጎንግ የራሱ ስም ሊኖረው ይችላል። ጃቫ ውስጥ ሐሙስ ማታ አበባና ዕጣን የሚያቀርቡለት ቤቶች አሉ። አስተማሪዬ መጀመሪያ ቀን በመሣሪያው ላይ ስረማመድ አይታ ምንም አላለችም፣ ፊቷ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አላደረግኩትም።

ስልቱም ለእኛ ጆሮ ቅርብ ይመስላል። አንደኛው ቅኝታቸው «ስለንድሮ» አምስት ድምፅ ነው ያለው፣ እንደ ትዝታና እንደ ባቲ አምስት። ግን በክራር ልትከተለው ብትሞክር አይገጥምም። የእነሱ አምስት ድምፆች እኩል ለመባል በሚቀርብ ርቀት ነው የተራራቁት። ሌላኛው ቅኝት «ፔሎግ» ሰባት ድምፅ አለው።

ብየዳ ቤት

እኔ ስለ ሙዚቃው አላውቅም። ስለ ብረቱ ግን ልናገር። አያቴም አባቴም ቀጥቃጭ ነበሩ፣ እኔ ብየዳ ነው የምሠራው።

ስለ ጎንግ አሠራር ያየሁት በቪዲዮ ነው፣ ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ጃቫ ውስጥ ሶሎ ከተማ አጠገብ ዊሩን የሚባል መንደር አለ፣ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። የሚጠቀሙት 10 እጅ መዳብና 3 እጅ ቆርቆሮ ነው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም፣ ንጹሑን ማዕድን ነው። ቀልጦ እንደ ወፍራም እንጀራ ክብ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ እሳት ውስጥ ከተውት ቀይ ሲሆን ያወጡታል። ሦስት አራት ሰው በመዶሻ ተራ በተራ ይወርድበታል። አንዱ እያዞረ ይይዛል። ጥቂት እንደመቱት ይቀዘቅዛል፣ መልሰው እሳት ውስጥ ይከቱታል። ይህን ደግመው ደጋግመው ነው የሚያደርጉት። ቀዝቅዞ ሳለ ቢመቱት እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። በጣም ሲሞቅም እንደዚያው። ለዚህ ነው የሥራ ቤታቸው ጨለማ የሆነው። የሙቀቱን ቀለም በዓይን ለመለየት ነው።

አሁን ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። እኛ ቢላዋ ወይም ማረሻ ስንሠራ የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ የምንነክረው እንዲጠነክር ነው። በጣም ከነከርነው ይሰበራል። የጎንግ ነሐስ ተቃራኒው ነው። ቀይ ሆኖ ውኃ ውስጥ ሲገባ መሰባበሩን ይተዋል፣ መዶሻ ይቀበላል። ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ቢተዉት ግን ሲመታ ይፈርሳል። ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ማን አገኘው ይህን?» አለኝ። እኔም ራሴን የጠየቅኩት እሱን ነው።

ድምፁን የሚያስተካክሉት መጨረሻ ላይ ነው። ከተነከረ በኋላ በቀዝቃዛው፣ በትንሽ መዶሻ፣ እዚህም እዚያም እያሉ። ትንሽ ይመታሉ፣ ያዳምጣሉ። እንደገና ይመታሉ። በሞረድም ይፍቁታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃቫ ላይ ጎንግ የሚሠራ ሰው የተከበረ ነው። የእኛ ጠይብ ግን ማረሻውንም ጦሩንም ሠርቶ «ቡዳ» ተባለ። አያቴ ሠርግ ላይ ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የዘጌ ልጅ

ወንድሜ ብየዳ ቤት፣ የመጨረሻዋን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የአባትህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

የዜማ ቤት ልጅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ላስተካክል። የቤተ ክርስቲያን ደወል የሙዚቃ መሣሪያ አይደለም። ጥሪ ነው። ከበሮና ጸናጽል ዜማ ውስጥ ይገባሉ። ደወል ግን ሰውን ከቤቱ የሚያወጣ ነው። በቅዳሴ ጊዜ የምትሰሟት ትንሿ ቃጭል ሌላ አገልግሎት አላት። ሁሉንም «የምት መሣሪያ» ብለን አንድ ቅርጫት ውስጥ ብንከታቸው ደስ አይለኝም።

በጥንቱ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ትውፊት የመጀመሪያው ደወል የእንጨት ነው። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ እንጨት አንጠልጥሎ በቀን ሦስት ጊዜ ይመታ ነበር ይላል። ጠዋት ሠራተኛው እንዲሰበሰብ፣ ቀትር እንዲበላ፣ ማታ ሥራ እንዲያቆም። በግሪክ ገዳማት እስከ ዛሬ ረጅም ሳንቃ በመዶሻ እየመቱ ነው መነኮሳትን ለጸሎት የሚጠሩት። ድንጋዩ የዚያ ወንድም ነው።

ደግሞ የግዕዙን ቃል አስቡት። «ደወል» የሚመታው ብቻ አይደለም። አገር፣ ወሰን ማለትም ነው። ወንጌል ላይ «ደወለ ጢሮስ ወሲዶና» ሲል የጢሮስና የሲዶና አገር ማለቱ ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር ናቸው አልልም። ግን አንድ የገጠር ደብር ሄዳችሁ ደወሉ እስከየት እንደሚሰማ ብትጠይቁ የሰበካውን ወሰን ነው የሚነግሯችሁ።

ትዝታ ሮተርዳም

የዜማ ቤት ልጅ፣ ስለ ጥሪው ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ግን ጎንግም እኮ በብዙ አገር ጥሪ ነው። ሰው ሲሞት ይመታል፣ እሳት ሲነሳ ይመታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይመታል። ሙዚቃ ውስጥ የምናየው አንዱን ሥራውን ነው። እኔ ዝምድናቸውን የማየው እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ «ድምፀ መረዋ» ስንል ምን እያልን ነው? መረዋ ማለት ደወል ነው። ጥሩ ዘፋኝን የምናመሰግነው በደወል ነው። ስለዚህ ደወሉን ከሙዚቃ ጨርሶ ማራቅ ለእኛም ይከብደናል።

የዜማ ቤት ልጅ

መረዋን ረስቼው ነበር። በዚህስ ረታሽኝ።

የጓንጁው

እኔ ቻይና ጓንጁ ነው የምነግደው። እዚህ ሱቅ ሲከፈት የአንበሳ ጭፈራ አለ፣ ከበሮና ጎንግ ይዘው ይመጣሉ። የቻይናው ጎንግ እምብርት የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው። ድምፁም የጃቫውን አይመስልም። ያኛው አንድ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ይሄኛው ሻሻሻ ብሎ የሚበተን ነው። የድሮ ሹም ሲያልፍ ፊት ፊቱ ጎንግ ይመታ ነበር፣ ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ።

ትንሽ ልጅ ሆናችሁ ካሴት በጣታችሁ ስትይዙት ድምፁ ሲጎተት ታስታውሳላችሁ? የቤይጂንግ ኦፔራ ጎንጎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ትልቁን ሲመቱት ድምፁ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይንሸራተታል። ትንሹ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ትልቁ ጀነራሉ ሲገባ ነው፣ ትንሹ ሴቷ ወይም ቀልደኛው ሲገባ። መጋረጃ ጀርባ ሆነህ ማን እንደገባ ታውቃለህ።

መምህር፣ ይህን እንዴት ነው የሚያደርገው?

መምህር ዘፊዚክስ

በቅርጹ ነው። ሲመታ ነሐሱ በጣም ስለሚወዛወዝ ለጊዜው ውጥረቱ ይለወጣል። ድምፁ ሲደክም ወደ ቦታው ይመለሳል። ጎንጉ ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ብርቱ ምት ውጥረቱን ይጨምረዋል፣ ስለዚህ ከፍ ብሎ ይጀምርና ይወርዳል። ፊቱ ትንሽ ጎበጥ ካለ ደግሞ ብርቱ ምት ያላላዋል፣ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ይወጣል። በዓይን የማትለየው የጉብጠት ልዩነት ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው።

ሻሻሻ የሚለው ትልቁ የቻይና ጎንግ አውሮፓ ኦርኬስትራ ውስጥ ታም-ታም ተብሎ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1791 ፓሪስ ላይ ለፈረንሳዩ አብዮተኛ ለሚራቦ ቀብር አቀናባሪው ጎሴክ የጻፈው ሙዚቃ ውስጥ ተመትቷል። ከዚያ ወዲህ ሞትና ድንጋጤ ባለበት ቦታ ሁሉ እሱን ነው የሚጠሩት። የጃቫው ጎንግ ግን ሞትን አያመለክትም። አንዱን መሣሪያ ሁለት ሕዝብ እንዴት ለየብቻ እንደሚሰማው ገርሞኛል።

ዓለም ከዱባይ

ሰላም። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከእኔ ጋር አንዲት የፊሊፒንስ ልጅ አብራኝ ነበረች፣ ሚንዳናው ከምትባል ደሴት፣ ሙስሊም ናት። አራት ዓመት አንድ ክፍል ተኛን።

ኩሊንታንግ የሚባል ነገር ነበራቸው። ስምንት ትናንሽ ጎንጎች ናቸው፣ እምብርት ያላቸው። ረጅም የእንጨት ሳጥን ላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ በተርታ ይቀመጣሉ። ከግራ ወደ ቀኝ እያነሱ ይሄዳሉ፣ ድምፃቸውም እየቀጠነ። በሁለት ለስላሳ እንጨት ነው የሚመታው። የሴት መሣሪያ ነበር አለችኝ ድሮ። እናቷ ትመታ ነበር። ትልቁ ተንጠልጣይ ጎንግ «አጉንግ» የወንድ ነው።

ማታ ሥራ ጨርሰን እሷ የሻይ ብርጭቆዎችና ሳህኖች አልጋው ላይ ደርድራ በማንኪያ ታሳየኝ ነበር። እመቤቲቱ እንዳትሰማ ቀስ አድርጋ። ከሁሉ የወደድኩት ግን «ጋንዲንጋን» የሚባለውን ወሬ ነው። አራት ትልልቅ ጎንጎች ፊት ለፊት ተንጠልጥለው ይመታሉ። የሚናገሩ ጎንጎች ናቸው ትላለች። ድምፁ የቋንቋውን ቃና ይመስላል። ወንድና ሴት ተገናኝተው ማውራት በማይችሉበት ጊዜ በዚያ ነበር መልእክት የሚላላኩት። «እዚያ ጋ ጠብቂኝ» ይላል፣ ሌላው ሰው የጎንግ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እሷ ወደ አገሯ ተመለሰች። ይህን ክር ሳይ እሷን አሰብኩ።

የዘጌ ልጅ

ዓለም እህቴ፣ በጣም ነው የነካኝ። እኔም ያንን ወሬ ወደድኩት። ጓደኛሽ በሰላም ትኑር።

ቡና ቀማሽ

ስለ ድንጋዩ ያነሣችሁት ስለሆነ እኔም ልግባ። ሥራዬ ቡና ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ለሥራ ቬትናም ሄጄ ነበር፣ ቡኦን ማ ቱኦት። የአገሩ የቡና ዋና ከተማ ናት። ሮቡስታ ነው የሚያመርቱት፣ ደጋማ ቀይ አፈር፣ አንዳንዱ ቦታ ጅማን ያስመስላል።

የዚያ ደጋ ሕዝቦች፣ ኤዴ፣ ባናር፣ ጃራይ፣ ምኖንግ፣ የጎንግ ሕዝብ ናቸው። እምብርት ያለውን «ኮንግ» ይሉታል፣ የሌለውን «ቺየንግ»። እንደ ጃቫው አንድ ሰው ብዙ ጎንግ አይዝም። አንድ ሰው አንድ ጎንግ ብቻ። ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በአንድ እጁ ይመታል፣ በሌላው እጁ ከውስጥ እየያዘ ድምፁን ያቆማል። ዜማው የሚወጣው ሁሉም ሰው በተራው በትክክል ሲመታ ነው። አንዱ ቢቀር ዜማው ቀዳዳ ይኖረዋል። ክብ ሠርተው እየዞሩ ነው። ለመኸር፣ ለልጅ ልደት፣ ለቀብር ይመቱታል። ጎንግ ሀብት ነው እዚያ። ድሮ አንድ ጥሩ ጎንግ በጎሽ ይለወጥ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ባህላቸውን በዓለም ድንቅ ቅርስነት አውጇል፣ በ2008 ደግሞ በዝርዝሩ ገብቷል።

አሁን የዘጌ ልጅ ጆሮህን ስጠኝ። በዚያው ክፍለ ሀገር፣ ንዱት ሊየንግ ክራክ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1949 መንገድ ሲቆፈር ከመሬት ረጃጅም የተጠረቡ ድንጋዮች ወጡ። ኮንዶሚናስ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ አያቸው። ሲመቱ ይጮሃሉ። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው፣ የጥንት መሣሪያ ናቸው። ፓሪስ ሙዚየም ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ብዙ ተገኝተዋል። በጎንጉ አገር ድንጋዩ ከመሬት ወጣ። አስጎብኚዬ ኮፒውን መትቶ ሲያሰማኝ እኔ «ይሄማ ጣና ላይ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ፎቶ አሳየሁት። አላመነኝም፣ ድንጋዩ ላይ ጣቱን ጭኖ ደጋግሞ አየው።

መምህር ዘፊዚክስ

ቡና ቀማሽ፣ ትልቅ ነገር ነው የነገርከን። እንግዲህ ድንጋዩንም እንየው። ማንኛውም ድንጋይ አይጮህም። ደቃቅ ቅንጣት ያለው፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት። ፎኖላይት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ ስሙ ከግሪክኛ ነው፣ የሚጮህ ድንጋይ ማለት ነው። በመዶሻ ሲመታ ስለሚያቃጭል ነው እንዲህ ያሉት። የዓድዋ ተራሮች ከምን የተሠሩ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ ፎኖላይትና ትራካይት የተባለ ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። በፎቶ የምናውቃቸው እነዚያ ሹል ሹል ተራሮች።

የገጠር መምህርት

እኔ ትምህርት ቤታችን ያለውን ልንገራችሁ። ዋርካው ላይ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። በብረት ዘንግ ነው የሚመታው። ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰልፍ፣ ሁለት ጊዜ ዕረፍት፣ ተከታትሎ ሲመታ ወደ ቤት። ልጆቹ ከሩቅ መንገድ ላይ ሆነው ሲሰሙት መሮጥ ይጀምራሉ፣ ከክፍሌ መስኮት አያቸዋለሁ። አንዳንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያንም ቸርኬ ነው ያለው። መምህር፣ እሱስ ከየትኛው ወገን ነው?

መምህር ዘፊዚክስ

መሃሉ ባዶ ስለሆነ ጎንግ አይባልም። ከንፈሩ ነው የሚርገበገበው፣ ወደ ደወሉ ይጠጋል። ግን ሥራው ኖኅ ከሠራው አይለይም፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የዜማ ቤት ልጅ እንዳለው።

እንግዳ

እኔ ጎንግ መግዛት እፈልጋለሁ፣ ቤቴ ለጥሞና። ምን ልብ ልበል?

ትዝታ ሮተርዳም

እንግዳ፣ መጀመሪያ እምብርት ያለውን ነው ወይስ የሌለውን የምትፈልገው ወስን። ለጥሞና ብዙ ሰው ጠፍጣፋውን ነው የሚወስደው። ጠፍጣፋውን መሃሉ ላይ አትምታው፣ ከመሃል ዝቅ ብለህ ምታው፣ ድምፁ ይከፈታል። እምብርት ያለውን ግን እምብርቱን ነው። መምቻው ከባድና ለስላሳ ይሁን። ባዶ እንጨት ነሐሱን ይጎዳል። ስታዳምጥ መጨረሻውን ጠብቅ፣ ድምፁ ሲያልቅ ዝግግ የሚል ነገር ካለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ አትግዛው።

የዘጌ ልጅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ትላንት ከቅዳሴ በኋላ አስፈቅዶ ለክቶታል።

ትልቁ ድንጋይ ርዝመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ነው። ገመዱ የታሰረው ከአንደኛው ጫፍ 24፣ ከሌላኛው ጫፍ 26 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው። መምህር፣ ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። የ110 22 ከመቶ 24 ከምናምን ነው! ማንም ፊዚክስ አልተማረም እዚያ። አጎቴን ገመዱን ለምን እዚያ አሰርከው ብሎ ሲጠይቀው «እዚያ ሲሆን አይታፈንም» ብሎታል። ገመዱ ሲበጠስ አዲሱን ወደዚህና ወደዚያ እያንሸራተተ፣ እየመታ፣ እያዳመጠ ነው የሚያስረው።

ልጁን አንድ ነገር አስመክሬዋለሁ። ይመታውና ወዲያው ገመዱ አጠገብ በጣቱ ይነካዋል። ድምፁ አልጠፋም። ከዚያ መሃሉን ነካው። ጸጥ አለ። ስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

መምህር ዘፊዚክስ

24 እና 26! ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ሰኞ ክፍል ይዤው እገባለሁ። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚለያዩት ድንጋዩ አንደኛው ጫፉ ወፈር ስለሚል ይሆናል። የሌሎቹን የሁለቱንም አስለካልኝ፣ እባክህ። ደግሞ ለአጎትህ ከእኔ ሰላምታ አድርስልኝ።

ትዝታ ሮተርዳም

ድምፁን ቅዳልን። ማክሰኞ ልምምድ አለን፣ ለአስተማሪዬ ላሰማት እፈልጋለሁ። ሦስቱንም፣ አንድ በአንድ፣ ድምፁ እስኪያልቅ እየጠበቀ ይምታው በለው።

የዘጌ ልጅ

እሺ። እሑድ ይቀዳዋል። አጎቴ ራሱ ነው የሚመታው፣ ሌላ ሰው አይንካው ብሏል።